ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ዲጂታል ትምህርት አዝማሚያ እንድናገር ሲጋብዙኝ «ወደፊት ስለሚመጣው ንገረን» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከሰዓት በኋላ «የማኅበራችን ገንዘብ ታብሌት ይገዛበት ወይስ አይገዛበት?» ብለን እንወያያለን። ከዚያ በፊት ያየሁትን ካልተናገርኩ አይሆንልኝም።

በ1997 ዓ.ም. ከዚህ ግቢ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ፕላዝማ የገባው በዚያን ሰሞን ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል። የሐሳቡን ትልቅነት ዛሬም አልክድም፤ ላቦራቶሪ አይተው የማያውቁ ልጆች ሙከራ ሲሠራ ያዩት በዚያ ስክሪን ነው። የኔ ሥራ ግን ማብራትና ማጥፋት ሆነ። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ራሱ መልሶ ራሱ «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። (ከኋላ የምትስቁት የዚያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መሆን አለባችሁ።)

አንድ ቀን ስለ ፍሪክሽን እየተማርን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይቁምልንና አንዴ ይድገመው» አለችኝ። ማጥፋት እችላለሁ፤ ማስቆም ግን አልችልም። ባጠፋው ትምህርቱ እዚያው ያልፈናል። «እሺ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጇን ስታወጣ ደግሜ አላየሁም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ በዚያ ዓመት በደንብ ያስተማርኩት መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው።

አሁን ወደ 2012 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቆሞ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር። ዙም ለብዙዎቹ አልሆነም፤ ዳታው ይበላል። የሠራልን ቴሌግራም ነው። ማንም አላቀደውም፣ በጀትም አልተያዘለትም። መምህሩ ማታ ማታ የአምስት ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ ይልካል፤ ተማሪው አንዴ ካወረደው ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ባልገባው ቦታ ያቆመዋል። ያቺ ልጅ የለመነችኝ ይህንኑ ነበር።

ግን 46 ተማሪዎች ካሉበት ግሩፕ 11ዱ ድምፃቸው ጠፋ። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ሲዘጋ ደግሞ ለሳምንታት ሁላችንም ጠፋን። ከ11ዱ አንዱ ግቢ ሲከፈት ቢሮዬ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ኔትወርክ ያለው ከተማ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ 300 መልእክት ባንዴ ይገባል። የትኛው ቀድሞ እንደተላከ ሳልለይ ባትሪዬ ያልቅና እመለሳለሁ።» እኔ ደግሞ ሰንፎ ነው ብዬ ስሙ አጠገብ ምልክት አድርጌበት ነበር።

ዛሬ የሁላችሁም ጥያቄ ቻትጂፒቲ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አሳይመንት ሲመጣ እንግሊዝኛው እንከን የለውም፣ ልጁን ስጠይቀው ግን አያውቀውም። መከልከሉን ሞከርነው፣ አልሆነም። አሁን እያንዳንዱን ተማሪ አስቀምጬ የጻፈውን ለ10 ደቂቃ በቃል አስረዳኝ እለዋለሁ። 60 ተማሪ ካለኝ 10 ሰዓት ይፈጃል። ማሽኑ ጊዜ ይቆጥብልናል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እኔን ግን ጊዜ አስጨምሮኛል። በእርግጥ ተማሪዎቼን በነዚያ 10 ሰዓታት ያወቅኳቸውን ያህል በሌክቸር አላወቅኳቸውም፤ እሱን አልክድም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ታብሌት በፎቶ ያምራል፤ የለጋሹ ስም ጀርባው ላይ ይለጠፋል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ ይጨበጨባል። ነገር ግን በላስቲክ እንደተሸፈኑ ያረጁ ኮምፒውተሮች የተቆለፈባቸው ስንት ክፍሎች አይተናል? ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ ነው፣ ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ የሚጠግን የለም።

የኔ ሐሳብ ለፎቶ አይመችም። አንደኛ፣ በግቢው ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር ይገዛ። ሙድል የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በግቢው ኔትወርክ ላይ ከተጫነ ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ተማሪው በዋይፋይ ትምህርቱን ያወርዳል። ለእረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድም በስልኩ ይዞት ይሄዳል፤ ገበያ ቀን መጠበቅ የለበትም። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነም መለማመጃውን እዚያው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩንና ዋይፋዩን የሚያቆይ ባትሪ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጥብኝ፣ ለሦስት ዓመት ደመወዙ የተረጋገጠለት አንድ ቴክኒሻን። ለሰው ደመወዝ የሚለግስ ማግኘት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስም የሚለጠፍበት ጀርባ የለውማ።

ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ዋጋውን ከታብሌቱ ጋር አነጻጽረው አስልተውታል። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ለምሳ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱና፣ የማይስማማ ካለ ከሰዓት በኋላ ይከራከረኝ። እኔ እጅ የሚያወጣ ሰው ካለ እቆማለሁ።