«አብሮ መኖር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም ሁላችን በየቀኑ የምንጠራው «አብሮ መኖር» ነው።

«አብሮ» የመጣው «አበረ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፥ ሥሩ የግዕዙ «ኀበረ» ነው። ዛሬ የሰበሰበን «ማኅበር»ም፥ «ኅብረት»ም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ግሥ እንደ መሆኑም አድራጊ ይፈልጋል፤ አብሬ፥ አብረህ፥ አብረሽ፥ አብረን እያልን ባለቤቱን እንገልጻለን። ስለዚህ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ስለ ቆሙ ብቻ ሰዎቹ አብረው ይኖራሉ አይባልም። አብረው የሚያደርጉት ነገር ሊኖር ይገባል።

ይህ ግሥ ሌላም ፊት አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ማበር መልካም ነው። «አበሩብኝ» ሲባል ግን ያው ቃል ክስ ይሆናል። ለውጡን ያመጣችው «ብ» የምትባለው አንዲት ፊደል ናት፤ ማበሩ በማን ላይ እንደ ሆነ ትናገራለችና።

ለዚህ ምሳሌ የማደርገው የይፋትን ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሸዋ ሮቢት አካባቢ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ ይገናኛል፤ እስላሙና ክርስቲያኑም ጎረቤት ነው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይሁን እንጂ ሰርግ የደገሰ ክርስቲያን ለእስላም ጎረቤቶቹ ከብት ለይቶ ይሰጣል፤ እነርሱም በራሳቸው አራጅ አርደው፥ በራሳቸው ድስት ሠርተው ይበሉና ሙሽሮቹን መርቀው ይሄዳሉ። እስላሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ አብሮ ለመኖር አንድ ዓይነት መሆን አላስፈለገም፤ የጎረቤትን ሥርዓት ከድግሱ በፊት ማሰብ ግን አስፈልጎአል።

ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «አበሩብን» የሚያሰኘውንም ቀን አይቶአል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በተነሣው ግጭት የአጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ፤ የሸዋ ሮቢትም አካባቢ ተጎዳ፤ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ሰው ተሰደደ። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ሰው ሲፈራ «ጎረቤቴ እንዴት አደረ?» ማለቱን ትቶ «ወገኔ ማነው?» ይላል። ያን ጊዜ ያቺ ፊደል በቃሉ ላይ ትቀጠላለች።

ከዚያ ወዲህ «አብሮ መኖር» በየመድረኩ ይጠራል። መጠራቱ አይከፋም። ይሁን እንጂ የተቃጠለ ቤት በጭብጨባ ክዳን አያገኝም። ቃሉ ወደ ቦታው የሚመለሰው ያ ከብት እንደ ቀድሞው ተለይቶ ሲሰጥ፥ ለለቅሶ የሚሄድ ሰው የሟቹን ሃይማኖትና ዘር ሳይጠይቅ ሲሄድ፥ ዱቤ የሰጠ ነጋዴም የጎረቤቱን ስም ከመዝገቡ ሳይፍቅ ሲቀር ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአንድ መኝታ ክፍል አድረን ወደ ምግብ አዳራሽ የምንሄደው በየአገራችን ልጆች ተከፍለን ከሆነ፥ ጎን ለጎን ኖርን እንጂ አብረን አልኖርንም። ስለዚህ ማንም «አብረን እንኑር» ሲለን «ምን እየሠራን?» ብለን እንጠይቀው። ቀጥለንም «በማንስ ላይ?» እንበለው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ኖሮት ለሁለተኛው «በማንም ላይ» ካለን፥ እጃችንን እንስጠው።