አሥራ ሁለተኛን መጨረስና አሥራ ሁለተኛን ማለፍ

(ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለመጡ አባሎቻችን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ልጆቻችን የትምህርት ማስረጃ እንድናገር የጠየቀኝ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ነው። ወደዚያ መስኮት የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ትራንስክሪፕት ለማውጣት፣ ስም ለማስተካከል፣ አለበለዚያም «ልጄ ወደቀ አሉኝ፤ እንግዲህ ምን ይሁን?» ብለው ለመጠየቅ ይመጣሉ። ዛሬ በተለይ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስልክ ይደውልና «የልጁን የሃይስኩል ዲፕሎማ ላኩልኝ» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልቅ የሚሰጠው ወረቀት ዲፕሎማ ይባላል፤ ምን ምን ማሟላት እንደሚያስፈልግም እያንዳንዱ ግዛት ለራሱ ይወስናል። እኛ ዘንድ ግን ዲፕሎማ ስንል ኮሌጅ ገብቶ የሚገኘውን ነው የለመድነው። የእኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ አንድ ወረቀት ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረበትን ውጤት የሚያሳየውና ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ትራንስክሪፕት ነው። ሁለተኛው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የውጤት ወረቀት ነው፤ እሱን የሚሰጠው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የመጀመሪያው ልጁ መማሩንና መጨረሱን ይናገራል። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ መግባት መቻል አለመቻሉን ይናገራል። ብዙው የቤት ውስጥ ለቅሶ የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ብዙዎቻችን የተማርነው በሌላ ሥርዓት ስለነበር ግራ ብንጋባ አይገርምም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ያ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። አሁን አንደኛ ደረጃ እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛው ሰባተኛና ስምንተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ነው። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚያወጣው ክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ሲሆን፣ የአሥራ ሁለተኛው ግን ለመላ አገሪቱ አንድ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ መጣ። ቀደም ሲል ፈተና ይሰረቅና ይሰራጭ ስለነበር ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ግማሹን ነጥብ ማምጣት ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ፈተናው ስድስት ትምህርት ከ600 ነው፤ ስለዚህ ማለፊያው 300 ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ በሦስቱ ሳይንሶች ፋንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል።

ውጤቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እህቶቼ፣ እነዚህን ቁጥሮች የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ከግማሽ በታች ካመጡ፣ የእናንተ ልጅ ብቻውን ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጎረቤት ፊት ልናፍርበት፣ ልጁም በር ዘግቶ ሊተኛበት የሚገባ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ቀጣዩን በር ቶሎ ማወቅ ነው።

በሮቹ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ሬሜዲያል ነው። ከግማሽ በታች ያመጡ፣ ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር በዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ይማራሉ። ከማዕከል የሚመጣውን ፈተና ካለፉ ዲግሪ መጀመር ይችላሉ። መቁረጫው በየዓመቱ ይለያያል፤ ለሴቶችና ለወንዶችም ለየብቻ ሲወጣ ታይቷል። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት የእገሌ ልጅ በዚህ ነጥብ ገብታለች» በሚል ወሬ አትወስኑ፤ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ጠብቁ።

ሁለተኛው እንደገና መፈተን ነው። ልጁ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ መቀመጥ ይችላል። ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ ሳይሆን እያጠና መሆን አለበት፤ የምዝገባው ጊዜም አጭር ስለሆነ ካለፈ በልመና አይመለስም።

ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። እዚያ ደረጃ በደረጃ ይሠለጥናል፤ በየደረጃው መጨረሻ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ይወስዳል። ይህን መንገድ «የወደቀ ልጅ መሄጃ» ብለን ማንቋሸሽ ይቅርብን። ሰበታም ሆነ ሱሉልታ ፋብሪካ ሞልቷል፤ ኤሌክትሪክና ማሽን የሚያውቅ ልጅ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ዲግሪ ለማስተማር የግል ኮሌጅም ቢሆን የግማሽ ነጥቡን ሕግ ማክበር አለበት። «ነጥቡ ግድ የለም፣ ክፍያውን አምጡ» የሚል ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ። ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ወረቀቱ የማይታወቅለት ከሆነ የእቁብ ብራችንም የልጅነት ጊዜውም ጠፋ ማለት ነው። ወረቀት እንሠራለን የሚሉ ደላሎችም አሉ። ሐሰተኛ ማስረጃ ዛሬ ሥራ ቢያስገባ እንኳ ማጣራት ሲመጣ ከሥራ አስወጥቶ ፍርድ ቤት ያቆማል።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሦስቱ ከተሞች ሰዎች ልናገር። ከ2015 ጀምሮ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሸገር ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ነው። ብዙ ልጆቻችን ግን ጠዋት በታክሲ አዲስ አበባ ገብተው ይማራሉ፤ ወይም ኪራይ ሲወደድ ከአዲስ አበባ ወጥተን መሃል ላይ ትምህርት ቤት እናዘዋውራቸዋለን። የስምንተኛ ክፍል ካርዳቸው፣ እኛ «ሚኒስትሪ» የምንለው፣ በተፈተኑበት ቦታ ቢሮ ይወጣል። አዲስ አበባ የተፈተነ ልጅ ካርድ ስህተት ቢኖረው የሚያርመው የአዲስ አበባው ቢሮ ነው፤ ቡራዩ የተፈተነውን ደግሞ የኦሮሚያው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዘዋውሩ እናቶች መሸኛውንና ካርዱን በእጃችሁ ሳትይዙ አትውጡ።

ስም ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። በኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ አንድ ዓይነት፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ ሌላ ዓይነት ይሆናል። አንዲት የምናውቃት እናት የልጇ የአያት ስም በልደት ካርዱ ላይና በትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ፊደል ተለያይቶ ስንት ወር እንደተመላለሰች አይቻለሁ። የስምንተኛ ካርድ፣ የልደት ካርድ፣ የፋይዳ መታወቂያና ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ልጁ ዘጠነኛ ሲገባ አመሳክሩ። የአሥራ ሁለተኛ ምዝገባ ሲደርስም ልጁን «ስምህን፣ ፎቶህንና የመረጥከውን ዘርፍ አይተህ ነው የፈረምከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መመጠን ይሻላል።

ሴት ልጅ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ለምትጨነቁ፦ ማደሪያና ምግብ እዚያው ይሰጣል። ስልክና ኤሌክትሮኒክስ ግን ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ለናፍቆት ብላችሁ ስልክ ደብቃችሁ አትስጧት፣ ከፈተናው ልታስወጧት ትችላላችሁ።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን። ከመካከላችን በድሮው ሥርዓት አሥረኛን ጨርሰን የቆምን ብዙ ነን። ያ ወረቀት በጊዜው ሕጋዊ ማስረጃ ነበር፤ አትጣሉት። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተማርኩ አያሰኝም፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ዲቪ በትምህርት በኩል የሚጠይቀው የአሥራ ሁለት ዓመት መደበኛ ትምህርት ማጠናቀቅን ነው። በሥራ ሙያ የተማረች ሴት ግን፣ ልብስ ሰፊም ትሁን ምግብ አብሳይ፣ ኮሌጅ ባትገባም ለብቃት ምዘናው ተመዝግባ መፈተን ትችላለች። ካለፈች የእጇን ሙያ የሚመሰክር ወረቀት ታገኛለች።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የልጆቻችንን ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ይዘን እንምጣ፤ ዋናውን ቤት ቆልፉት። ፊደል የምታነብ አባል ከማታነብ አጠገብ ትቀመጥ፣ ስም ከስም እናመሳክር፣ ስህተት ያለበትን ለይተን በየቢሮው ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። የፈተና ውጤት በሚወጣበት ሳምንትም ኮሚቴው ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች ይጎብኝ። ለቅሶ ቤት እንደምንደርስ ሁሉ ያን ቀንም እንድረስ፤ ግን ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን የትኛው በር መቼ እንደሚዘጋ ለመንገር።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።