የመብራትን ቀለምና ድምቀት በግብረ መልስ ስለ መቆጣጠር



ሐኪም የሕመምተኛውን ከንፈርና ምላስ ተመልክቶ ደሙ ኦክሲጅን አንሶት እንደ ሆነ ሲገምት፣ ፍርዱ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በላዩ በተሰቀለው መብራትም ይወሰናል። ከመብራቱ ቀዩ ብርሃን፣ በተለይም የሞገዱ ርዝመት 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነው፣ ቢጎድል ጤነኛው ኦክሲጅን ያነሰው ይመስላል፤ ቢበዛ ደግሞ የታመመው ደህና መስሎ ይታያል። እንግዲህ የመብራት ቀለም የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ተፈላጊው ነጭ ብርሃን ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ፣ በተለምዶ ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉትን የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የሰማያዊና የነጭ ዳዮዶች ብርሃን ማቀላቀል ነው። ይሁን እንጂ መብራቱ ሲሞቅ የቀዩ ዳዮድ ብርሃን ከሰማያዊው እጅግ በበለጠ ይቀንሳል። ዕድሜ ሲጨመርም ሁሉም እኩል አያረጁም። በመሆኑም ፋብሪካው አስተካክሎ የላከው ነጭ ከጊዜ በኋላ ወደ ሰማያዊነት ሊያዘነብል ይችላል።

መፍትሔው ግብረ መልስ ነው። ከዳዮዶቹ አጠገብ የተተከለ ሴንሰር የእያንዳንዱን ቀለም ብርሃን ለይቶ ይለካል፤ መቆጣጠሪያውም ልኩን ከተፈለገው ጋር ያነጻጽራል። ዳዮዶቹ ዓይን ሊለየው በማይችል ፍጥነት፣ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እየበሩ ስለሚጠፉ፣ መቆጣጠሪያው የሚበሩበትን ጊዜ በማርዘምና በማሳጠር ልዩነቱን ያስተካክላል። የኤሌክትሪኩን ፍሰት ራሱን መቀነስ የዳዮዱን ቀለም ስለሚለውጥ ይህኛው መንገድ ይመረጣል።

ሁለት ነገሮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛ፣ በመስኮት የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ሴንሰሩን ያሳስታል። ስለዚህ ዳዮዶቹ ሁሉ በጠፉባት ቅጽበት የተለካው ብርሃን ከሌላው ልክ ላይ መቀነስ አለበት። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩም ራሱ ይሞቃል፣ ያረጃልም። መቆጣጠሪያው የሴንሰሩን ስሕተት ሳይመረምር በትጋት ስለሚፈጽም፣ ሴንሰሩ በየጊዜው ከታመነ የብርሃን መለኪያ ጋር መመሳከር ይገባዋል።

በመጨረሻም፣ ቀዩ ዳዮድ ያለማቋረጥ እየበራ እንኳ የሚፈለግበትን መስጠት የማይችልበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ቀለምንና ድምቀትን አንድ ላይ መጠበቅ አይቻልም፤ የትኛው እንደሚቀድም መሐንዲሱ አስቀድሞ መወሰን አለበት። በሐኪም ቤት ቀለሙ ይቅደም። ሌሎቹ ዳዮዶች ዝቅ ይበሉ፤ መቆጣጠሪያውም ለጥገና ሠራተኛው ምልክት ይስጥ። የጎደለ ድምቀት ሌላ መብራት በማቅረብ ይካሳል። ያዘነበለን ነጭ ግን ዓይን ስለሚለምደው፣ ስሕተቱ ማንም ሳያውቀው ከሕመምተኛው አልጋ በላይ ተሰቅሎ ይኖራል።