ድንኳን ከመትከላችን በፊት መሰላል እናቁም

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ስለ ጣራ አሸንዳ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው እድራችን የቆመው ሰው ሲሞት ለመቅበር፣ ኀዘንተኛውንም ለማጽናናት ነው። ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ አሸንዳ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ አሸንዳንና እድርን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ይገናኛሉ እንጂ! ውኃ የበላው የጭቃ ግድግዳ ቀን ይውደቅ ሌሊት አይታወቅም። በተኛ ሰው ላይ ከወደቀ ድንኳኑን የምንተክለው እኛው ነን።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 5 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ጣራ 40 ካሬ ሜትር ነው። 25 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ከዚህ ጣራ 1,000 ሊትር ይወርዳል፤ በ20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጀሪካን ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያዘንባሉ። ስለዚህ ያው ጣራ በአንድ ወር ከ8,000 ሊትር በላይ፣ ማለትም ከ40 በርሜል በላይ ያወርዳል።

ይህን ሁሉ ውኃ አሸንዳ ካልያዘው ከቆርቆሮው ጫፍ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። አፈሩን ይቦረቡራል፣ እየተፈናጠረ ልስኑን ያረጥባል። ልስኑ ሲረግፍ ማገሩ ይጋለጣል፣ እንጨቱም ከሥሩ ይበሰብሳል። ከሩቅ ሲያዩት ግድግዳው ደህና ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ግን ይሰምጣል። ብሎኬት ቤት ያላችሁም አትዘናጉ። ውኃ መሠረት ሥር ከገባ ብሎኬትም ይሰነጠቃል።

አሸንዳ አለኝ ብሎ መተኛትም አይቻልም። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የበጋ አቧራ፣ ፌስታል፣ የወፍ ጎጆ፣ የልጆች የካልሲ ኳስ ሲደፍነው ውኃው ሞልቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ በኮርኒሱና በግድግዳው አናት ይወርዳል።

ሌላው ጉዳይ ለመናገር የሚከብድ ነው፤ ግን ይነገር። መንደራችን ተዳፋት ነው። አሸንዳውን አሳምሮ አሠርቶ አፉን ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ ያዞረ በመካከላችን አለ። የእሱ ቤት ደረቀ፤ ከታች ያለው ቤት ግን የሦስት ጣራ ውኃ ይቀበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ነገር ግን ለሁለት ክንድ ቱቦ ብለን ፍርድ ቤት እንቁም እንዴ? ቡና እየተጠራራን የምንኖር ሰዎች ነን።

እንግዲህ ማንኛውም አባል በየቤቱ ሊያደርገው የሚገባው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጠረጋ። በግንቦት መጨረሻ ሰኔ ሳይገባ፣ ከዚያም በሐምሌ አጋማሽ ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ በመጨረሻም በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ ይጠረግ። ቆሻሻው በእጅ ይውጣ እንጂ ወደ መውረጃው ቱቦ አይገፋ። በቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ ማድረግ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙከራ። ከጠረጉ በኋላ ከላይኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስሱ። ውኃው የሚተኛበት ቦታ ካለ አሸንዳው ዘሟል ማለት ነው። በ10 ሜትር ርዝመት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። የሚያቅፉት ብረቶችም ከ1 ሜትር በላይ አይራራቁ።

ሦስተኛ፣ ጥገና። ዝገቱ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ደርቆ ሳለ በማስቲሽ ይደፈን። ላሜራው የተበሳሳ ከሆነ ይቀየር።

አራተኛ፣ መውረጃ። ቱቦው እስከ መሬት ወርዶ ከግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ወደ ቦይ ይፍሰስ። ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ፈጽሞ አይግባ፤ ጉድጓዱ ሞልቶ በመንደሩ ይፈሳል። በበርሜል የምታጠራቅሙ የመጀመሪያውን ውኃ ልቀቁት፤ የጣራ አቧራና የወፍ ኩስ አለበት። የተጠራቀመው ለልብስና ለወለል እጥበት ይሁን። በርሜሉም ስለ ሕፃናት ሲባል ክዳን ይኑረው።

አምስተኛ፣ ጥንቃቄ። መሰላል ሲወጣ አንድ ሰው ከታች ይያዝ። እየዘነበ አይወጣም። የመብራት ሽቦ በጣራው ጫፍ በሚገባበት በኩል የብረት መሰላል አይጠጋ።

አሁን ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ከእድሩ ገንዘብ አንድ ጠንካራ የእንጨት መሰላል ተገዝቶ እንደ ድንኳኑ ሁሉ ለአባላት በተራ ይሰጥ። ሁለተኛው፣ በግንቦት የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ወጣቶቻችን ተሰባስበው ረዳት የሌላቸውን የአረጋውያን አሸንዳ ይጥረጉ፤ በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ ጎረቤቶችም በዚያው ቀን የውኃውን መንገድ ተስማምተው ያብጁ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድምፅ እንድትሰጡበት እለምናለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ለሟች የምናዋጣ ሰዎች በሕይወት ላለው መሰላል መግዛት አያቅተንም። ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።