ስለ ክርክር ዳኝነት (ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ቅዳሜ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክርክር ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ነበር። አንደኛው ተከራካሪ ድምፁ ያማረ፣ እንግሊዝኛው የተቃና ስለ ነበረ አዳራሹ አጨበጨበለት፤ እኔም ፈረድኩለት። ማታ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ግን ያቀረባቸውን ሦስት ምክንያቶች አንዲት የምትንተባተብ ልጅ አንድ በአንድ አፍርሳቸው አገኘሁ። ሰኞ ሄጄ ስሕተቴን ብነግራት «ጋሼ፣ ታዲያ ያን ዕለት ምክንያቱን ለምን አልነገሩንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕን እጅግ ያከብሩ ነበር፤ ቢሆንም ዋስና ምስክር ሳይጠሩ በንግግር ማማር ብቻ አይፈርዱም። በ1988 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድርም ከ100 ነጥብ 40ው ለፍሬ ነገሩ፣ 40ው ለአነጋገሩ፣ 20ው ለስልቱ ነው። እኔ መቶውንም ለአነጋገር ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው!

ስለዚህ ማኅበራችን ወደ ትምህርት ቤቶች የሚልካቸው ዳኞች ሦስት እንዲሆኑ፣ ሳይመካከሩ እያንዳንዳቸው ነጥባቸውን እንዲጽፉ፣ የፍርዱንም ምክንያት እዚያው በተከራካሪዎቹ ፊት እንዲያስረዱ አሳስባለሁ። የነጥብ መስጫውን ወረቀት አርቅቄ አምጥቻለሁ፤ መምህራን እንዲያርሙልኝ እለምናለሁ።