የልጆች የልደት ድግስ፦ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ትምህርት፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የታተመ)

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያት መደምደሚያ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። የኬክና የሻማ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ትዳር የሚናጋው ሁልጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም። ለሽምግልና ወደ መስጂድ ከሚመጡ ባልና ሚስቶች መካከል የጠባቸው መነሻ የልጅ ልደት ድግስ የሆነ አጋጥሞናል። ሚስት ዕቁብ ወጣላትና ገሚሱን ለአራት ዓመት ልጇ ልደት አወጣችው። ባል ደግሞ ያንን ገንዘብ ለትልቁ ልጅ የትምህርት ቤት ምዝገባ አስቦት ኖሯል። ሲጠየቁ እሱ «ገንዘቤን በተነችው» አለ። እሷ ግን እንዲህ ስትል መለሰች፦ «የግቢው ሰው ሁሉ ደግሶ ልጄን ጠርቶልኛል። እኔ ብቻ ሳልጠራ ብቀር በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ይህችን እህት አባካኝ ናት ብሎ መፍረድ ይቀላል። ንግግሯን ያስተዋለ ግን ገንዘቡን ከእጇ ያስወጣው የብክነት ፍቅር እንዳልሆነ ይረዳል። ያስወጣው ይሉኝታ ነው። የዛሬው መልእክታችንም እዚህ ላይ ያተኩራል።

ልማዱ ከየት መጣ?

አያቶቻችን የልደት ቀናቸውን አያውቁም ነበር። «የድርቁ ዓመት»፣ «እህል በተሰበሰበ ማግስት» እያሉ ነበር ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት። ኬክ ላይ ሻማ መትከል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር ይታወቅ የነበረ ልማድ ነው። ወደ እኛ የመጣው በፊልም፣ በመዋዕለ ሕፃናትና በቅርብ ዓመታት ደግሞ በስልክ በምናየው ፎቶ አማካይነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የልጅን የልደት ቀን ማወቅ፣ መመዝገብና የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት የወላጅ ግዴታ ነው፤ ልጁ ለትምህርትም ለሌላም ጉዳይ ያስፈልገዋል። የምንነጋገረው ስለ ድግሱ ነው።

ዑለማዎችም በዚህ ጉዳይ ተነጋግረውበታል። የሳዑዲ ዓረቢያ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴና በርካታ ዑለማዎች ልደትን በየዓመቱ ማክበር በሸሪዓ መሠረት የሌለውና ከሌሎች የተወሰደ ስለሆነ ሙስሊም ሊርቀው ይገባል ብለዋል። የግብፅ ዳሩል ኢፍታእ በበኩሉ ሐራም ነገር እስካልተቀላቀለበት ድረስ ዓለማዊ ልማድ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሸይኽ ሰልማን አል-ዐውዳ «ዒድ» ተብሎ እስካልተጠራ ድረስ ችግር የለበትም በማለታቸው የወቅቱ የሳዑዲ ሙፍቲ ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ አሊ-ሸይኽ በግልጽ ተቃውመዋቸዋል። እኔ ለዲናችን ጥንቃቄ የሚሻለው የመጀመሪያው አቋም ነው እላለሁ። ሆኖም ልብ በሉ! ፈቀዱ የተባሉትም ቢሆኑ ማባከንን፣ በብድር መደገስንና ፉክክርን አልፈቀዱም። ስለዚህ የቱንም አቋም የያዘ ሰው ከሚከተለው ሒሳብ አያመልጥም።

ወጪው ሲቆጠር

ለምሳሌ ያህል በወር 12 ሺህ ብር የሚያገኝ አንድ አባወራ እንውሰድ። ለኬክ 2,500፣ ለምግብና ለለስላሳ 3,000፣ ለልጁ አዲስ ልብስ 2,000፣ ለፊኛና ለማስጌጫ 1,500፣ ለፎቶ 1,000 ብር አወጣ እንበል። 10 ሺህ ብር ሆነ። ሁለት ልጆች ካሉት በዓመት 20 ሺህ ነው። ልጆቹ ደግሞ በዓመት ውስጥ አሥር ቦታ ይጠራሉ፤ ባዶ እጅ አይኬድምና በየጊዜው የ400 ብር ስጦታ ሲገዛ 4 ሺህ ይጨመራል። ድምሩ 24 ሺህ ብር፣ የዚህ አባወራ የሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ ማለት ነው። አባትየው በዓመት ሁለት ወር የሚሠራው ለፊኛና ለኬክ ነው ማለት ነው።

ኑሮው እንዴት እንደከበደ አታጡትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፊኛውም፣ መጫወቻውም፣ ማስጌጫውም አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ደመወዙ ግን በዚያው ልክ አላደገም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ገንዘብ የሚያባክኑ ሰዎችን የሸይጣን ወንድሞች ብሎ ጠርቷቸዋል። በሱረቱል ፉርቃን ደግሞ የአር-ራሕማን ባሮች በወጪያቸው የማያባክኑም የማይቆጥቡም፣ በሁለቱ መካከል የሚሄዱ መሆናቸውን ነግሮናል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ እንደተነገረን ባሪያ በቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ ከየት እንዳመጣው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንዳዋለውም ይጠየቃል። «ሐላል ሠርቼ ነው ያመጣሁት» ማለት የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው።

በብድር የሚደግሰው ደግሞ ይብሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁም ዕዳ ያለበት ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ እንደሚያፈርስ ገልጸዋል። ለልጁ ደስታ ብሎ የተበደረ አባት አበዳሪው ሲደውልለት ስልኩን ለዚያው ልጅ ሰጥቶ «አባባ የለም በል» ይለዋል። ልጁ ኬኩን ይረሳዋል፤ የተማረውን ውሸት ግን አይረሳውም።

ይሉኝታ የሚያስከፍለው

ከገንዘቡ የከፋው ወጪ ግን በደረሰኝ ላይ የማይታየው ነው። አንድ ቤት ሲደግስ ለሌላው ቤት ዕዳ ያወርሳል። የጠራ ሰው ሳይናገር «ነገ ጥራኝ» ብሏል። ዘንድሮ በአንድ ኬክ የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ማስጌጫ ይጨምራል፤ ከዚያ አዳራሽ ይፈለጋል። ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይጎዳም። የሚጎዳው በሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው ነው። ባሏ የሞተባት፣ በቀን ሥራ የምታድር፣ ልጇን ከሌሎቹ ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት የምታስተምር እናት ናት። የድግሳችንን ወጪ በትክክል የምትከፍለው እሷ ናት። ወይ ከጉሮሮዋ ቀንሳ ትደግሳለች፣ ወይ ልጇን «አሞታል» ብላ ቤት ታስቀራለች።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ከምግብ ሁሉ መጥፎው ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የሚተዉበት የድግስ ምግብ መሆኑ ተነግሯል። ይህ የተነገረው ስለ ሠርግ ድግስ ነው፤ ያውም ሸሪዓው ራሱ ስላዘዘው ድግስ! ታዲያ የጥሪ ዝርዝሩ ስጦታ ማምጣት በሚችሉ ቤተሰቦች ስለሚሞላው የልደት ድግስ ምን እንላለን?

በቤት ውስጥም ጉዳት አለ። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ አባታቸው ለብቻቸው ስጦታ ሰጥተዋቸው ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለሌሎቹ ልጆች ተመሳሳይ ሰጥተው እንደሆነ አባትየውን ጠይቀው በልጆች መካከል ፍትሕ እንዲያደርጉ አዘዋል። ዘንድሮ ገንዘብ ተገኝቶ ለአንዱ የተደገሰለት፣ በሚቀጥለው ዓመት ጠፍቶ ለሌላው የቀረበት ቤት ስንት ነው? የቀረበት ልጅ የዋጋ ንረት አይገባውም። «እኔን አይወዱኝም» ብሎ ነው የሚያስበው።

ዐቂቃ፦ የዘነጋነው ደስታ

ወንድሞችና እህቶች! ኢስላም በልጅ መደሰትን አልከለከለም፤ የደስታውን መንገድ አሳይቷል እንጂ። ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ይታረድለታል፣ ስም ይወጣለታል፣ ፀጉሩ ይላጫል። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ነው፤ ሁለት ያልቻለ ለወንዱም በአንድ ቢያርድ ሱናውን አግኝቷል። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) የሐሰንና የሑሰይንን ፀጉር መዝነው በክብደቱ ልክ ብር፣ ማለትም ማዕድኑን፣ ሰደቃ መስጠታቸው ተዘግቧል። የሕፃን ፀጉር ስንት ይመዝናል? ደሃም ሊያደርገው የሚችል ሰደቃ ነው።

ሁለቱን ድግሶች አስተያዩ። የልደት ድግስ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ዐቂቃ በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው። የልደት ድግስ ስጦታ ወደ ቤት ያስገባል፤ ዐቂቃ ሥጋ ወደ ጎረቤትና ወደ ደሃ ቤት ይልካል። የልደት ድግስ የተጠራውን ባለዕዳ ያደርገዋል፤ የዐቂቃ ሥጋ የደረሳት እናት ግን «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ብላ አትጨነቅም፤ ለሕፃኑ ዱዓ ታደርጋለች።

የሚያሳዝነው «አቅም የለኝም» ተብሎ ዐቂቃ ያልወጣላቸው ልጆች ሦስትና አራት ጊዜ ልደት ተደግሶላቸው መገኘታቸው ነው። ይህ የአቅም ማጣት አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ወላጅ መልካም ዜና አለ፦ በሻፊዒይ መዝሀብ የዐቂቃ ጊዜ ልጁ እስኪባልግ ድረስ አያልፍም። ለሚቀጥለው ልደት ያሰባችሁትን ገንዘብ ያዙት፣ ጨምሩበትና ለልጃችሁ ዐቂቃ አውጡለት። ያልቻለ ደግሞ አላህ ከአቅም በላይ አያስገድድም፤ ተበድሮ እንዲያርድም አይጠየቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተስማሙ። እናት «እሺ»፣ አባት «እምቢ» የሚሉበት ቤት ልጅን ተንኮል ያስተምረዋል። ባሎችም አደራ! ዓመቱን ሙሉ ልጆቻችሁን ሳታጫውቱ በልደታቸው ቀን ብቻ «ሐራም ነው» ብላችሁ አትነሡ።

ሁለተኛ፣ የከለከላችሁትን በተሻለ ነገር ተኩ። በሁለቱ ዒዶች ልጆቻችሁን አልብሱ፣ ስጦታ ስጡ፣ ዘመድ ጋር ውሰዷቸው። ቁርኣን ያኸተመ ልጅ ሲኖር በመድረሳው ከጓደኞቹና ከኡስታዙ ጋር ዳቦና ሻይ ቅመሱ፤ ዱዓ ይደረግለት። ልጁ ደስታው ከሥራው ጋር እንደተያያዘ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ የልጁን ዕድሜ በሒጅራም ቁጠሩ። የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ ልጃችሁ ሰባት ዓመት የሚሞላው በቤት ካላንደር ከምትጠብቁት ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀድሞ ነው። በሰባት ዓመቱ በሰላት ልታዙት ይገባል። ያን ቀን አባት ልጁን እጁን ይዞ መስጂድ ቢወስደውና መስገጃ ቢገዛለት፣ ከየትኛውም ሻማ በላይ የሚያስታውሰው ቀን ይሆንለታል።

አራተኛ፣ ጎረቤትን አታስቀይሙ። በአንድ ግቢ ከክርስቲያን ወገኖቻችን ጋር የምንኖር ብዙዎች ነን። ጥሪ ሲመጣ በፊት መኮሳተር ተገቢ አይደለም። «በእኛ ቤት ልማድ የለንም፤ ልጃችሁን አላህ ያሳድግላችሁ» ማለት ይበቃል። በሌላ ቀን ቤታችሁ ጠርታችሁ ቡና አጠጧቸው፤ ልጃቸውንም ደብተርና እስክሪብቶ ስጡት።

አምስተኛና ዋናው፣ ያላችሁ ሰዎች ሰንሰለቱን እናንተ በጥሱት። ደሃው ቢተወው «ስለሌለው ነው» ይባላል። አቅም ያለው ሲተወው ግን ለጎረቤቱ ሁሉ መተንፈሻ ይሆናል። «እነ እገሌም ትተውታል» የምትል አንዲት ቃል ስንት እናት ከይሉኝታ እንደምታድን አላህ ነው የሚያውቀው። ያንንም ገንዘብ ለአንድ የቲም ልጅ የትምህርት ቁሳቁስ ካዋላችሁት አጅሩ እጥፍ ነው፤ ልጃችሁ በራሱ እጅ እንዲሰጥ አድርጉት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሰኞ ጾም ሲጠየቁ የተወለዱበት ቀን መሆኑን መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ለመወለዳቸው ያቀረቡት ምስጋና ጾም ነበር። ጎረቤትን ያላስጨነቀ፣ ማንንም ባለዕዳ ያላደረገ ምስጋና!

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ሪዝቃችንን በሐላል ያስፋልን፣ በረካውንም አያንሳብን። የተቸገሩ እናቶችን ከሰው ፊት ከመዋረድ ይጠብቅልን። ኣሚን። አላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።