ሃርድ ዲስኩ ላይ የተደበቀው መመለሻ

እሷ፦ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ የምንሮጠው «ፎርማት አድርጉልኝ» ወደምንልበት ሱቅ ነው። እዚያው ዕቃው ውስጥ ግን ሲገዛ ወደነበረበት ሁኔታ የሚመልሰው፣ አምራቹ ያስቀመጠው መመለሻ አለ፤ አይደል?

እሱ፦ አለ፣ ባለቤቱ ካላጠፋው። በዊንዶውስ 7 ዘመን ብዙዎቹ ላፕቶፖች ከሃርድ ዲስካቸው ከ10 እስከ 20 ጊጋባይት ለዚሁ ተቆርሶ ይመጡ ነበር። ኤችፒ ከሆነ ሲበራ ኤፍ 11ን መጫን፣ ብዙዎቹ ቶሺባዎች ላይ ደግሞ ዜሮን ተጭኖ ማብራት ነው።

እሷ፦ «ቦታ ይይዛል» ብለን የምንሰርዘው እሱን ነዋ!

እሱ፦ መሰረዝ ብቻ መሰለሽ? ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ ሲገባም አብሮ ይሄዳል። ዕቃው ገና አዲስ ሳለ ዲቪዲ ላይ ገልብጡ ይባል የነበረው ለዚህ ነው። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ስለሆነ ሦስት አራት ያስፈልጋል። የኤችፒ ፕሮግራም ደግሞ የሚፈቅደው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ይኼ ንፍገት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

እሷ፦ የዛሬዎቹ እኮ የዲስክ ማስገቢያም የላቸው።

እሱ፦ በፍላሽ ነዋ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት» አለ፤ ፋይልሽን አስቀርቶ ፕሮግራሞቹን ብቻ ያነሳልሻል። የድሮው ግን ምሕረት የለውም፤ የሠርግ ፎቶ አይል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አይል፣ ጠራርጎ ነው።

እሷ፦ ከዚያ ያው ዊንዶውስ 7 ይመጣልኛል?

እሱ፦ ከነኮተቱ! አምራቹ የጫነው የሙከራ አንቲቫይረስ ሳይቀር። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለ7 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን በጥር 2020 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ፊልም እዪበት፤ የባንክ ሒሳብሽን ግን እንዳትከፍቺበት።